ዜሮውን የሚይዘው እጅ

የሜትሩን ዜሮ ለሌላ ሴት ይዞላት አየችው።

እንዲህ ሲባል ነገሩ ተራ ነው። ቦታ ሲለካ አንዱ ሰው የሜትሩን ጫፍ ከግንቡ ሥር ይይዛል፤ ሌላው ሜትሩን እየዘረጋ ሄዶ ቁጥሩን ያነባል። ጫፍ መያዝ ሙያ አይጠይቅም፤ አለመነቃነቅ ብቻ ነው። ሰው ከጠፋ ድንጋይም ይጫንበታል። ነገር ግን ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ በየቅዳሜው የእሷን ዜሮ የሚይዘው እሱ ነበር። ከግንቡ ሥር ቁጢጥ ይልና አውራ ጣቱን ጫፉ ላይ ጭኖ «ዜሮ ላይ ነኝ» ይላል። እሷም ከወዲያ ማዶ ሜትሩን ወጥራ «አገኘሁህ» ትለዋለች። ከዚህ ያለፈ የፍቅር ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ለእሷ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስንቅ ይሆናት ነበር።

ዛሬ በጓሮው በር ስትገባ ሐኪሙ እዚያው የለመደው ቦታ ላይ ቁጢጥ ብሏል። በሩ ሲጢጥ ሲል ዞር አለና ወዲያው አጎነበሰ። በወዲያኛው ጫፍ ሜትሩን የወጠረችው ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉሯን ጠቅልላ እርሳስ የሰካችበት ሴት ናት።

«ይዘሃል?» አለች ሴትዮዋ።

«ዜሮ ላይ ነኝ» አላት።

ያው ቃል። ቃሉን እንኳ አልቀየረላትም። አጥኚዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደችና፣ ለምን እንዳወረደችው ጠፍቷት መልሳ አነገተችው።

«አጥኚዋ» የሚሏት በሥራዋ ነው። የቦታ ባለቤቶች ማመልከቻ ይዘው ወደ ማዘጋጃ ቤት ከመሮጣቸው በፊት፣ ያሰቡትን ሕንፃ ቦታው ይሸከም እንደሆነ አፈሩን፣ ውሃውን፣ መንገዱንና ደንቡን አይታ ቁርጡን ትነግራቸዋለች። ይህን ግቢ ግን ያወቀችው ለሥራ መጥታ አይደለም። አባቷ የዚህ ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ ያደገችው ከጓሮው ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሐኪሙ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም ነው። እትዬ የምትላቸው እናቱ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አሮጌውን ቤት አፍርሰው ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ሊያቆሙ ቆርጠው ተነስተዋል። ሰፈሩ ለመኖሪያ ብቻ የተመደበ ስለሆነ በመጀመሪያ የቦታው አገልግሎት ወደ ንግድና መኖሪያ እንዲለወጥላቸው ማመልከት፣ ቀጥሎም የግንባታ ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው። ከሁሉ በፊት ግን የአዋጭነት ጥናቱ ይቀድማል። «የራሳችን ልጅ እያለች ለባዕድ አልሰጥም» ብለው ጥናቱን ለእሷ የሰጧት ራሳቸው እትዬ ናቸው።

አሁንም ከበረንዳው ሆነው በእጃቸው ጠሯት።

«ነይ ልጄ፣ ነይ ተዋወቂ። የባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጓደኛው ልጅ ናት። አርክቴክት ናት። ንድፉን እሷ ትሠራልናለች፤ አባቷም በሽርክና ከእኛ ጋር ሊገቡበት ነው። ያንቺ ጥናት ይሆናል ካለ ማለቴ ነው።» ከዚያ ወደ አርክቴክቷ ዞር አሉ። «ይቺ እኮ ለሱ እህቱ ናት። አንድ ግቢ ነው ያደጉት።»

እትዬ ክፉ ሴት አይደሉም። በልጅነቷ ስትታመም ከራስጌዋ ተቀምጠው ያደሩ ሴት ናቸው። «እህቱ» የሚለውን ቃል ያመጡት ግን ዘንድሮ ነው፤ ልጃቸው በየቅዳሜው ዜሮ መያዝ ከጀመረ በኋላ። ቃሉን እንደ አጥር አቁመውታል። አጥሩ ቀለሙ ያምራል፤ ግን አጥር ነው።

«ደህና አደሩ?» አለችው ሐኪሙን።

ብቻቸውን ሲሆኑ «አንተ» ትለዋለች። በእናቱ ፊት «እርስዎ» ነው። አባቷ ያስለመዷት ነው፤ እሱ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲያፏጭ እንኳ «እርስዎ» እያለችው ነው ያደገችው።

«ደህና አደርሽ» አለ፣ ጭቃውን ከጉልበቱ ላይ እያራገፈ።

«አንተ፣ ሱሪህን አበላሸሁብህ እኮ» አለች አርክቴክቷ። ሳቀች፤ እትዬም አብረዋት ሳቁ።

አንተ። በእናቱ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደ ቀላል ነገር። አጥኚዋ ሃያ ዓመት ሙሉ በጓሮ ደብቃ የያዘችውን ቃል ይቺ ሴት በመጣች በግማሽ ቀኗ በረንዳ ላይ አወጣችው። ፈገግ ብላ የአርክቴክቷን እጅ ጨበጠች፤ እጁ ለስላሳ ነበር፤ ይህም አናደዳት።

የሙከራ ጉድጓዱ የሚቆፈረው ከጓሮ፣ ካደገችበት ክፍል ጀርባ ነበር። ቦታውን ራሷ መርጣለች። ሕንፃው ከመሬት በታች የሚቆፈር ምድር ቤት እንዲኖረው ስለታሰበ፣ መሬቱ ከታች ምን እንደሚመስል መታየት አለበት። ሁለት ቆፋሪዎች እየተፈራረቁ አፈር ያወጣሉ። እሷ ጠርዙ ላይ ቆማ አፈሩን በጣቶቿ እያሸች ታያለች፤ ጆሮዋ ግን በረንዳው ላይ ነው። የሻይ ማንኪያ ድምፅ ይሰማል። አርክቴክቷ የሆነ ነገር ትላለች፤ እሱ ይስቃል። ምን ብላው ነው? እንዲህ ሲስቅ መቼ ሰማችው? እሷ እንኳ ስታስቀው ሳቁ ከጉሮሮው አይወጣም ነበር።

ከአፍታ በኋላ መጣና ከጎኗ ቆመ።

«ፌንጣ» አላት። በልጅነቷ በግቢው ስትዘል ያወጣላት ስም ነው። «ተቆጥተሻል?»

«እኔ? ምን አግብቶኝ።»

«ፊትሽ እንደሱ አይልም።»

«ፊቴ አፈር እያየ ነው።» አፈሩን ወረወረችው። «ይሄ ሕንፃ ቢሠራ ደስ ይልሃል?»

«እናቴ ደስ ይላታል።»

«እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው።»

ወደ ጉድጓዱ አየ። «እንግዲህ አንቺ ያልሽው ነው የሚሆነው» አለ በመጨረሻ። «ይሆናል ካልሽ ይሆናል፤ አይሆንም ካልሽም ያው።»

ያው። እሱ ሊነግራት የፈለገው «አምንሻለሁ» የሚል ነበር። እሷ የሰማችው ግን «ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» የሚል ነው። ሌላ ቃል ሊጨምር አፉን ሲከፍት ከበረንዳው «ሻይህ ቀዘቀዘ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ እሱም ሄደ።

ያን ጊዜ ከታች ያለው ቆፋሪ ቀና ብሎ «እመቤት፣ እግሬ ራሰ» አላት። ከጉድጓዱ ጥግ ውሃ እየመነጨ ነበር፤ ያለ ድምፅ፣ ያለ ችኮላ፣ ከድሮም የራሱ ቤት እንደሆነ ሁሉ። ሐኪሙን ጠርታ አሳየችው። አርክቴክቷም የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች ከኋላው መጥታ በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። አጥኚዋ ውሃውን ትታ ያየችው በትከሻው እና በብርጭቆው መካከል ያለውን ክፍተት ነበር። ለካችው በዓይኗ። በጣም ትንሽ ነበር።

ማታ ከሥራ ስትመለስ አባቷ የእግር ጣታቸውን በሞቀ ውሃ ነክረው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር።

«እትዬ ምን አሉ?»

«እህቱ ናት አሉ።»

አባቷ ሬዲዮውን ቀነሱ። «እንዴ፣ እኔን መቼ ነው ታዲያ ያገቡኝ? ያን ሁሉ ዘመን በር ላይ ያደርኩት በከንቱ ነዋ። ቢነግሩኝ ትልቁ ቤት እተኛ ነበር።»

ሳቀች። ሳቁ ግን መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል ተነስታ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። አባቷ ሬዲዮውን መልሰው ከፍ አደረጉት፤ ማልቀስ ከፈለገች እንዳይሰሙባት።

የጥናቱ ውጤት ግልጽ ነበር። ውሃው ቅርብ ነው፤ ምድር ቤት ቢቆፈር የጎረቤት ግንብ ይዞ ይገባል። መግቢያው ቅያስ ጠባብ ነው፤ የእሳት አደጋ መኪና ስለማያስገባ ደንቡ ለሰባት ፎቅ አይፈቅድም። ቦታው የሚችለው ሦስት ፎቅ ነው፤ ያለ ምድር ቤት። «የታሰበው ግንባታ አይመከርም» ብላ ጻፈች።

ጽፋ አነበበችው። ከዚያ ደስታ ተሰማት። ደስታው አስደነገጣት።

ሕንፃው ከቀረ አርክቴክቷ ትቀራለች። የአባትየው ሽርክና ይቀራል፣ የበረንዳው ሻይ ይቀራል፣ «አንተ» ይቀራል። ይህ ሁሉ «አይመከርም» በምትል አንዲት ቃል ውስጥ ቁጭ ብሎ አየችው። ሙያዋ ነው የጻፈው ወይስ ቅናቷ? ውሃውን ያየችው ስለነበረ ነው ወይስ እንዲኖር ስለፈለገች? ጉድጓዱን እዚያ ቦታ ላይ ያስቆፈረችው ለምን ነበር? በልጅነቷ እዚያ ጓሮ ጭቃው በበጋ እንኳ እንደማይደርቅ ታውቅ ነበር። ታዲያ ማወቅ ጥፋት ነው? እስከ ዛሬ በሥራዋ ተጠራጥራ አታውቅም። አሁን የራሷን ቁጥር እንደ ሌላ ሰው ቁጥር ተጠራጠረችው።

እና እሷ ብቻ ልትሳሳተው የምትችለውን ስህተት ተሳሳተች። ለፍትህ ብላ እውነቱን ገለበጠችው። «አይመከርም» የምትለውን ሰርዛ «በንድፍ ማስተካከያ የሚቻል» አለች። ልቧ ሲቃጠል ተሰማት፤ ቃጠሎውን የንጽህና ምልክት አድርጋ ወሰደችው።

እሁድ ረፋዱ ላይ በትልቁ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ከጠረጴዛው ራስ ያለው ባለ ክንዱ ወንበር የሟቹ ባለቤት ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም፤ ማንም አያነሳውም። አርክቴክቷ ንድፏን ዘረጋች። ወረቀቱ እየተጠቀለለ ሲያስቸግራት ሦስቱን ማዕዘን በብርጭቆ ያዘች፤ አራተኛውን ሐኪሙ በእጁ ያዘላት። ያዥ መሆኑ ነው እንግዲህ፣ ለጠየቀችው ሁሉ፣ አለች አጥኚዋ በልቧ።

«እህስ፣ ልጄ» አሉ እትዬ። «ይሆናል ወይስ አይሆንም? ዙሪያ ጥምጥም አልወድም።»

«ይሆናል፣ እትዬ» አለች። «ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ በንድፍ ይስተካከላሉ።»

እትዬ ተነፈሱ። ሐኪሙ ግን ቀና ብሎ አያት። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ያላየችው ነበር፤ ከቤቱ እንዳባረረችው ሰው ነበር ያያት። ወረቀቱን ለቀቀው፤ ማዕዘኑ ተጠቅልሎ ብርጭቆ ነካ።

የተናገረችው አርክቴክቷ ነበረች።

«ውሃውስ?» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት ማታ ልሄድ ስል አይቼዋለሁ፤ ጉድጓዱ ግማሽ ሞልቷል። ምድር ቤቱን የት ልታስቀምጪልኝ አስበሽ ነው?»



«ፌንጣ» አለ ሐኪሙ። በእናቱ ፊት በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም። «አብረን ነው ያየነው። ይሄን ያህል ቸኮልሽ? እኔን ለሌላ ለመሸኘት ይሄን ያህል ቸኮልሽ?»

እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«አይሆንም» አለች። «ሰባት ፎቅ አይሆንም። ሦስት ይሆናል፣ ያለ ምድር ቤት። ማመልከቻውን ብታስገቡ መንገዱን አይተው ይመልሱታል። ባይመልሱት ደግሞ ይብሳል፤ ውሃው የጎረቤቱን ግንብ ይዞ ይመጣል።»

«ታዲያ አሁን፣ አፍሽ ሳይደርቅ፣ ይሆናል ያልሽኝ ለምንድን ነው?» አሉ እትዬ።

«መልሱ አይሆንም እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው።» ድምጿ ከገመተችው በላይ የረጋ ነበር። «ሕንፃው እንዲቀር ፈለግኩ። እሷ እዚህ ግቢ እንዳትመላለስ ፈለግኩ። እውነቱን ስጽፈው ምኞቴን የጻፍኩ መሰለኝ። ራሴን ማመን ሲያቅተኝ ገለበጥኩት።»

እትዬ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ በጣታቸው አስተካከሉ፤ ያልተጣመመውን።

«እህት ለወንድሟ እንዲህ ትሆናለች?»

አጥሩ ይኸው። ቃሉ የዘንድሮ ቢሆንም ዕድሜዋን ሙሉ በጓሮ በር ስትዞረው የኖረችው።

«እህቱ አይደለሁም፣ እትዬ» አለች። «ይቅር ይበሉኝ፣ ሆኜም አላውቅም።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «አንተም ታውቃለህ።»

ቃሉ ወጣ። አንተ። በእናቱ ፊት፣ ከሟቹ ወንበር አጠገብ። እትዬ ቃሉን እንደሰሙት ከዓይናቸው አወቀች፤ መልሳ ልትውጠው ግን አልፈለገችም። ሐኪሙ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር።

አርክቴክቷ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አንስታ ንድፏን መጠቅለል ጀመረች።

«እኔም አንድ ነገር ልናገር» አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ። «ትናንት ያን ግንብ ስለካው ከሷ ቁጥር በአንድ ስንዝር አነሰብኝ። እሷ ተሳስታለች ብዬ ደስ አለኝ። ኋላ ሌላ ሰው ይዤ ደግሜ ለካሁት፤ የሷ ልክ ነው።» ቀና ብላ ሐኪሙን አየችው። «ዜሮ ላይ ነኝ ስትለኝ ዜሮ ላይ አልነበርክም። የጓሮው በር ሲጢጥ ሲል ሰማህና ከነሜትሩ ዞርክ። አይቼሃለሁ። ግን እንዳላየሁ ሆኜ ቁጥሩን መዘገብኩት።»

ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ዓይኗ ጋ አልደረሰም። አጥኚዋ ያን ፈገግታ አወቀችው። ቅዳሜ ራሷ አድርጋው ውላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሴትዮዋን ሳትጠላ አየቻት፤ እርሳሱ ከጸጉሯ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

እትዬ ሲናገሩ ለማንም የሚናገሩ አይመስሉም ነበር።

«ሕንፃ፣ ሕንፃ የምለው ለሀብት መሰላችሁ። ይሄ ወንበር ከፊቴ እንዲነሳልኝ ነው። በእጄ ማንሳት አቃተኝ። ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ይሄዳል ብዬ ነበር።» መነጽራቸውን አወለቁ፣ አልጠረጉትም፣ መልሰው አጠለቁት። «ሦስት ነው ያልሽው?»

«ሦስት፣ እትዬ።»

«ሦስትም ቢሆን ማፍረሱ አይቀርም?»

«አይቀርም። ካልፈለጉ ግን አይፍረስ። ቤቱ ገና ይቆማል፤ እሱንም አይቼዋለሁ።»

ወንበሩን አዩት። «በሉ ሂዱና ያን ጉድጓድ ክደኑት፣ ሰው እንዳይገባበት» አሉ። አጥኚዋና ሐኪሙ በሩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ከኋላቸው «ሁለታችሁም» አሉ፤ የመረቁም የተቆጡም አይመስሉም ነበር።

ጓሮው ውስጥ ውሃው ጸጥ ብሎ ተኝቶ የሰማዩን ግራጫ ይዞ ነበር። ሳንቃዎቹ ከግንቡ ጥግ ተደርድረዋል። ሁለቱም ሳንቃ አላነሱም።

«እናቴ ያዝላት አለችኝ፤ ያዝኩላት» አለ።

«ቃሉንም ስጣት አለችህ?»

«የቱን ቃል?»

«ዜሮ ላይ ነኝ።»

ግራ ገባው። «ሌላ ምን ይባላል ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሌላ ነገር ማለት ነበረብህ።» ይህን ስትናገር ምን ያህል ሕፃን እንደምትመስል ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ተናገረችው። «ስንዝር ሳይሆን ክንድ መሳሳት ነበረብህ።»

ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። «ይሆናል ስትዪ» አለ፣ «ከግቢው ያስወጣሽኝ መሰለኝ።»

«ራሴን ያስወጣሁ ነበር።»

ጉድጓዱ ከመከደኑ በፊት ከጎረቤት ግንብ ያለው ርቀት መመዝገብ ነበረበት። ከቦርሳዋ ሜትሩን አውጥታ ጫፉን ዘረጋችለት። እጃቸው አልተነካካም። ከግንቡ ሥር ሄዶ ቁጢጥ አለ፣ ለእሁድ በለበሰው ንጹህ ሱሪ፣ ጭቃው ላይ። እሷ ሜትሩን እየለቀቀች ወደ ኋላ ሄደችና ከጉድጓዱ ጠርዝ ቆማ ወጠረችው።

ከትልቁ ቤት መስኮት የአርክቴክቷ ረጅም ጥላ ቆሞ ያያቸዋል። አጥኚዋ አየችው፤ ያ የታወቀ የቅናት እሾህ አሁንም ወጋት። አልሄደም ማለት ነው። ምናልባትም አይሄድም፤ ዝም ብሎ ከጎኗ ይቀመጥ ይሆናል እንጂ።

ጠበቀች። ሐኪሙ አፉን ከፈተ፣ የለመደውን ቃል ሊል ነበር፤ ዘጋው። ሌላ ቃል ሲፈልግ አየችው፤ ግንቡን፣ ጭቃውን፣ እጁን እያየ ሲፈልግ።

«እዚህ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

የሜትሩ ስስ ብረት በመካከላቸው ተወጥሮ ይርገበገባል። የእጁን መንቀጥቀጥ ከዚያ ጫፍ እስከዚህ ጫፍ በጣቶቿ ሰማችው። ቁጥሩ ላይ አጎነበሰች፤ ግን ዓይኗ ውሃ ስለቋጠረ ማንበብ አልቻለችም። ልቀቀውም አላለችው። እሱም አልተነቃነቀም።